ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት የኔታ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ በየትኛውም ዕድር፣ በየትኛውም የሠፈር ስብሰባ አንድ የሚጽፍ ሰው አለ። ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠውን ማለቴ አይደለም፤ የተመረጠ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ እንኳ አይዝም። እኔ የምለው ማንም ሳያዝዘው ጥግ ይዞ የሚጽፈውን ነው። ስትስቁ ይጽፋል። ስትጣሉ ይጽፋል። ቀና ብሎ ያያችኋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አይታወቅም። ለማን እንደሚጽፍም አይታወቅም። በዚህ ዘመን ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋዜጠኛ ስለነበርሁ የሚጽፍ ሰው አላምንም። ራሴን ጨምሮ።

የእኛ ጸሐፊ ክቡር የኔታ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። «ክቡር» ያልኋቸው እኔ ነኝ፤ «የኔታ» ያላቸው ቡድኑ ነው። ከሐይቁ ማዶ የቆላ ድባ ሰው፣ የቄስ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት ቤት ገብተው ዜማና አቋቋም ተምረዋል። ኋላ ባሕር ዳር መጥተው በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። አጭርና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸውን በሚያዝያ ሙቀት እንኳ አያወልቁም። በግራ ኪሳቸው ሰማያዊ ደብተር፣ በቀኝ እጃቸው መቋሚያ አለ። መቋሚያውን ሲደገፉት አይቼ አላውቅም። የሚጠቁሙበት ነው።

ቡድናችን «ማለዳ ጤና ቡድን» ይባላል። የምንጫወተው ከሰዓት በኋላ ነው። ከአርባ ዓመት ወዲያና ወዲህ ያለን ደመወዝተኞች ነን፤ የባንክ፣ የኮሌጅ፣ የፋብሪካ፣ የቢሮ ሰዎች። ፋሲሎ ሠፈር ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ አንድ አቧራማ ሜዳ አለ። ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የእኛ ናት። ሰው በጊዜ ቤቱ በሚገባበት ከተማ፣ ስልክ ሲፈልግ በሚሠራበት ዘመን፣ እነዚያ ሁለት ሰዓታት ምን ማለት እንደሆኑ ለማያውቅ ማስረዳት አልችልም። በሳምንት አንድ ቀን ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የምንተያየው እዚያ ነው።

ሜዳውን የሚፈልግ ብዙ ነው። ስለዚህ የሜዳው ኮሚቴ ዘንድሮ አንድ ደንብ አወጣ፤ ከስምንቱ የጤና ቡድኖች ውድድሩን በመጨረሻነት የጨረሰው ሰዓቱን ተራ ለሚጠብቅ ቡድን ይለቃል። ደንቡ ሲነበብ ሰባቱም ቡድኖች ወደ እኛ ዞረው አዩ።

ምክንያት ነበራቸው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ሃያ ሦስት ጎል ገባብን። በረኛው እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ አሠራራችን የታወቀ ነበር። ሰባ ደቂቃ እንጫወታለን፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄደን በተጠበሰ አሳና በቢራ ሦስት ሰዓት እንተነትናለን። የትንተናው ፍሬ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጥፋተኛው ዛሬ ትንተና ያልመጣው ነው። በዚህ ምክንያት ከትንተና የሚቀር ሰው አልነበረም። ከልምምድ ግን ሁሉም ይቀር ነበር።

በአምስተኛው ጨዋታ ስድስት ለባዶ ተሸንፈን አቧራው ላይ ተዘርረን ሳለን ከማዕዘኑ ዋንዛ ዛፍ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ሰውየውን በዓይን እናውቃቸው ነበር። ሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። አናናግራቸውም ነበር።

«ምሳ ምን በላህ?» አሉ፣ መቋሚያቸውን ኪሩቤል ላይ ደግነው።

ኪሩቤል ባንክ የሚሠራ አጥቂያችን ነው። በዓመት ሁለት ጎል ያገባል፤ ስለሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ያወራል።

«ክትፎ» አለ።

«ስንት ሰዓት?»

«ስምንት ተኩል ገደማ።»

«ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«አዎ፣ የኔታ» አለ ኪሩቤል፣ መቋሚያውን እያየ። ሁላችንም ሳቅን። ስሙ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጸና።

እሳቸው አልሳቁም። «ታዲያ ሜዳ ውስጥ ሲንገላወድ የዋለው አንተ ነህ ወይስ ክትፎው?» አሉ። ደብተሩን አውጥተው ጻፉ። «ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዚህ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ መልስ። የሚመጣ ይምጣ።» ይህን ብለው ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልሾማቸውም። ማክሰኞ ጧት ግን አሥራ አራት ሰው ሜዳው ላይ ተገኘ። እኔ የሄድሁት ማን እንደሚሄድ ለማየት ነው። ኋላ ስጠይቅ ሌሎቹም የሄዱት ማን እንደሚሄድ ለማየት ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ እኔና ኪሩቤል ድልድዩ ጋ ደርሰን ተያየን።

«ጋሼ» አለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ሰውየው ዛፉ ሥር ናቸው። እዚህ ድረስ አያዩንም።»

ባጃጅ ያዝን። ሜዳው ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረን ወርደን፣ ፊታችንን በውኃ አርሰን፣ እያለከለክን ደረስን። በማለክለክ ኪሩቤል ይበልጠኛል፤ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

የኔታ «እጅ» አሉ ብቻ። የኪሩቤልን አንጓ በሦስት ጣት ይዘው፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ቆጠሩ። ይህን ከነርሶች ተምረውታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል የዋለ ሰው አንድ ነገር አያጣም። ከዚያ የእኔን ቆጠሩ።

«ሰባ ስድስት» አሉ ወደ ኪሩቤል ዞረው። «ይኼ የተቀመጠ ሰው ልብ ነው። ከሹፌሩ ጎን ነው ወይስ ከኋላ የተቀመጥኸው?»

«ከኋላ» አለ ኪሩቤል። የባንክ ሰው በድንገት ሲጠየቅ እውነት ያመልጠዋል።

ጻፉ። «ድልድዩ ቦታው ላይ ነው» አሉ። እንደገና ሄድን። በእግር።

ከዚያ ወዲያ «እጅ» የሚለውን ቃል እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ እሰማው ጀመር። ከሩጫ በፊት እጅ፣ ከሩጫ በኋላ እጅ። በየሳምንቱ አሥራ አራት ልብ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሰማያዊው ደብተር ውስጥ ይገባል። ማን በስንት ደቂቃ እንደዘገየ፣ ማን የትኛውን እግሩን አመመኝ እንዳለና በሚቀጥለው ሳምንት ያመመው የትኛው እንደሆነ፣ ሁሉም ይገባል። አማኑኤል የሚባል የፋብሪካ መካኒክ አለን፤ ተከላካይ ነው። ጉልበቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ተገኘ። የኔታ ሁለቱን ቀናት አንብበውለት «ለየትኛው እንዘን?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነበር። ያልተቻለው ክቡ ነው።

በእሳቸው አለቅነት የመጀመሪያውን ጨዋታ አራት ለባዶ ተሸነፍን። አሳ ልንበላ ስንነሣ መቋሚያው መንገዱን ዘጋው። «ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ» አሉ። «እያንዳንዱ የራሱን ጥፋት ይናገራል። የሌላ ሰው ስም የጠራ ሜዳውን አንድ ዙር ይሮጣል።»

አምበላችን ደሞዝ ነው። የኮሌጅ መምህር ነው፤ ሲናገር ሰሌዳ ፍለጋ እጁን ወደ ኋላ ይሰዳል። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «የመጀመሪያው ጎል መነሻው፣ ግልጽ ለመናገር፣ አማኑኤል...»

«አንድ።»

«አይ፣ ሙሉውን ይስሙኝ። ኪሩቤል ኳሱን ባይነጠቅ ኖሮ...»

«ሁለት።»

ደሞዝ በዚያች ቀን ዘጠኝ ዙር ሮጠ። ኪሩቤል ከእሱ ትምህርት ወስዶ በጥንቃቄ ጀመረ፤ «ስም አልጠራሁም፣ የኔታ። ብቻ አራት ቁጥር ማሊያ የለበሰ አንድ ሰው...»

«ሁለት ዙር» አሉ። «አንዱ ለስሙ፣ አንዱ ለብልጠቱ።»

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «ኳሱ ይጠማዘዝ ነበር» አልሁ።

«ኳስም ስም ነው» አሉ። ሮጥሁ።

ሰው «በእኔ ነው» ለማለት ስንት ዙር እንደሚፈጅበት ያወቅሁት በዚያ ክብ ነው። አማኑኤል በሁለተኛው ሳምንት ቻለው። ደሞዝ አራት ሳምንት ፈጀ። ሲለውም ቀና ብሎ አልነበረም፤ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ «እ... በእኔ ነው መሰል» አለ። የኔታ «መሰል»ን አላለፉትም። አንድ ዙር።

ቀጥሎ የመጣው የመከላከያው ነገር ነው። አራቱ ተከላካዮቻችን ለየብቻ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ተቃራኒ አጥቂ በመሃላቸው እንደ ገበያ መንገድ ይመላለሳል። የኔታ አንድ ሳምንት ዝም ብለው አዩዋቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ።

አራቱን በአንድ መስመር አቆሟቸው። ጀሪካኑን በመቋሚያቸው በቀስታ መቱ። ድም... ድም... «ዘንበል፣ ቀና። ዘንበል፣ ቀና። እግር አይነሣም።» ካህናት ማሕሌት ላይ በሁለት ረድፍ ቆመው ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ድንገት ምቱን አፈጠኑት። ድም-ድም! «አሁን! ሁላችሁም አንድ እርምጃ ወደ ፊት! አንድ ሰው ከቀደመ ወረቡ ፈረሰ። አንድ ሰው ከቀረም ፈረሰ።»

ፍቅረ ማርያም የሚባለው ተከላካያችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ቆም አለ። «የኔታ፣ ይኼ ነገር ድፍረት አይሆንም?»

«ዜማ አወጣሁ?»

«አላወጡም።»

«እግር ነው ያስተማርሁህ። እግር የማንም ነው። ዘንበል!»

በሦስት ሳምንት ውስጥ አራቱ ሰዎች አንድ ሰው ሆኑ። ጀሪካኑ ድም-ድም ሲል አንድ እርምጃ ይወጣሉ፤ የተቃራኒ አጥቂ ከኋላቸው ብቻውን ይቀራል፤ ዳኛው ከጨዋታ ውጪ ብሎ ይነፋል። እኔም ከጎሌ ሆኜ ሳላውቀው አብሬ መራመድ ጀመርሁ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ቀጥሎ አንድ ለአንድ ወጣን። ከዚያ አሸነፍን። አሸንፈን እንደማናውቅ ያወቅነው ጨዋታው አልቆ ምን እንደሚደረግ ስለጠፋን ነው።

ጥርጣሬው የተጀመረው ያኔ ነው። ስንሸነፍ የሚያሠለጥነንን ሰው ማን ይጠረጥራል? ስናሸንፍ ግን ሐይቁ ዳር ጥያቄው ተነሣ። ሰውየው ምን ፈልገው ነው?

«ለዕድሩ ሊቀመንበርነት ነው» አለ ኪሩቤል። «አሥራ አራት ድምፅ አላቸው አሁን።»

«ሴት ልጅ አላቸው?» አለ አማኑኤል። የላቸውም፤ ተጣርቷል።

ደሞዝ አሳውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናንተ ትቀልዳላችሁ። እኔ የምለው ደብተሩን ነው። ማን ስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ፣ የማን ልብ እንደደነገጠ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በዚህ ጊዜ! እኛ የመንግሥት ደመወዝተኞች ነን። ደብተሩ ቅዳሜ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

ማንም አልሳቀም።

«አንተ ጋዜጠኛ ነበርህ» አለኝ። «አጣራ። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ንገረን። ነገሩ ንጹሕ ካልሆነ፣ አመስግነን እናሰናብታቸዋለን። ሜዳውም ቢሄድ ይሂድ።»

እሺ አልሁ። እውነቱን ለመናገር ፋይላቸውን ቀድሞውኑ ከፍቼ ነበር። ጥቁር ማስታወሻ አለችኝ። በስድስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቼባታለሁ፤ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ። ያው፣ ለማጣራት ነው።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄድሁ። ወይዘሮ የሺአረግ የሚባሉ የድሮ ባልደረባቸውን አገኘሁ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ይፈልጉ ነበር።

«መርስዔን?» አሉ። «ምን አደረጉ?»

«ምንም። ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ፣ አንድ ጊዜ የአንድ ሕመምተኛ ካርድ ጠፋ። አለቃው ስብሰባ ጠርቶ ማን ነው ሳይል፣ እሳቸው ተነሥተው በእኔ ነው አሉ። ደመወዝ ተቀጡ። ከሁለት ወር በኋላ ካርዱ ከአለቃው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ።»

«ምን አሉ ያኔ?»

«መሳቢያውን አለማየቴ በእኔ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካርድ ጠፍቶ አያውቅም። ሁሉም አፈረ።» ወይዘሮ የሺአረግ ቀና ብለው አዩኝ። «ሰላም ናቸው ግን?»

ጥርጣሬዬ ጨመረ። የሠራውን ጥፋት የሚክድ ሰው አውቃለሁ፤ ግማሽ ዕድሜዬን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁት እሱን ነው። ያልሠራውን የሚያምን ሰው ግን ምን እንደሚፈልግ እንዴት ይታወቃል?

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለሰገነት ነገርኋት። «ሰማያዊ ደብተር ነው ያልኸኝ?» አለች።

«አዎ።»

«ሲያልቅባቸው ንገረኝ፣ ሌላ እገዛላቸዋለሁ። ማንኮራፋት ትተሃል፤ ደረጃውንም ሳታርፍ ነው የምትወጣው። የፈለጉትን ይጻፉ።»

ከቤተሰብ ገለልተኛ ምስክር አይገኝም።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። እኛ ሰባተኛ ነን። ተጋጣሚያችን የከተማው ዳር የሰባታሚት ቡድን ስምንተኛ ነው፤ የሚያንሰን በአንድ ነጥብ ነው። አቻ ከወጣን ሜዳዋ የእኛ ናት። ከተሸነፍን ተራ ለሚጠብቅ ቡድን ትሄዳለች። ሰባታሚቶች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ በቆሎና ጫት የሚያመርቱ። ሰላምታ ሲሰጡ እጅ ያማል። ደሞዝ ከጨዋታው በፊት ጠጋ ብሎ «ምን አገኘህ?» አለኝ። «ገና ነኝ» አልሁት።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። አራቱ ሰዎች አንድ መስመር ይዘው ዘንበል ቀና ሲሉ ሰባታሚቶች ደጋግመው ከጨዋታ ውጪ ተያዙ። አጥቂያቸው ተናዶ «እነዚህ ሽማግሌዎች ምን እያደረጉ ነው?» ሲል ሰማሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ አሥር ደቂቃ እንደሄደ ከአጥሩ ማዶ ከበሮ ተሰማ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ለሚመጣው በዓል ይለማመዱ ነበር። ድም... ድም... ቀስ ያለ ነው። ልብ አላልነውም። ልብ ያላሉት ጆሮዎቻችን ናቸው፤ እግሮቻችን ሰምተዋል። ኳሱ በሰባታሚት አማካይ እግር ሥር ነው። አራቱ ተከላካዮች ዘንበል፣ ቀና ይላሉ። እኔም ከጎሌ ሥር ዘንበል፣ ቀና እላለሁ። ድንገት ከበሮው ድም-ድም አለ።

አራቱም እንደ አንድ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። ምንም የሚያስወጣ ነገር አልነበረም። አማካዩ አራት ሰው ወደ እሱ በሥነ ሥርዓት ሲመጣ አይቶ ደነገጠና ኳሱን ወደ ፊት ሰዶ በመሃላቸው ሮጦ አለፈ። እኔም አብሬ ወጥቼ ነበር። ኳሱን በአናቴ ላይ አሳልፎ ጣለው። ዞሬ ሳየው መረቡ ውስጥ ነው።

ባዶ ለአንድ።

«ከበሮውን አስቁሙልን!» ብሎ ደሞዝ ወደ አጥሩ ጮኸ።

የኔታ ከድንጋያቸው ተነሡ። ሲነሡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ያፈረ ሰው ፊት ነው። በሜዳው ጠርዝ ዞረው ከጎሌ ኋላ መጡ። «ከበሮው ሥራውን እየሠራ ነው» አሉ ለደሞዝ። «ዓይን ወደ ኳስ። ጆሮ ወደ ዳኛ። ሌላውን ያስተማርኋችሁን ሁሉ እርሱት። ሩጡ ብቻ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ሰማያዊውን ደብተር ከኪሳቸው አውጥተው ከነእስክሪብቶው ከጎሉ ቋሚ ሥር አስቀመጡት።

«ሲያልቅ እኔን ትጽፈኛለህ» አሉኝ። «እኔ ራሴን ብጽፍ አይታመንም።»

ስድስት ሳምንት ያደባሁበት ደብተር ከእግሬ አንድ እርምጃ ላይ ተቀመጠ። ልከፍተው አልቻልሁም፤ ኳስ ይመጣ ነበር። ሁለት አወጣሁ። አንዱ ፊቴን ነው የመታው፣ ግን ወጣ።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ነገር አየሁ። ሰባታሚቶች ጉልበታቸውን ይዘው ማጎንበስ ጀምረዋል። ሲሚንቶ የሚሸከሙ ወጣቶች ናቸው፤ ግን ድልድዩን አያውቁትም። የእኛዎቹ ይሮጣሉ። ደሞዝ ይሮጣል። አማኑኤል በሁለቱም ጉልበቱ ይሮጣል። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፍቅረ ማርያም ከራሱ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ማዕዘኑ ዛፍ ድረስ ኳስ ይዞ ሮጠ፤ በመንገዱ የቆመ እንጂ የተከተለው ሰው አልነበረም። አሻማ። ኪሩቤል በደረቱ ይሁን በሆዱ እስካሁን በምንከራከርበት አካሉ አገባ። ሆዱ ነው።

አንድ ለአንድ። ፊሽካ። ሜዳዋ ቀረችልን።

ማንም አልጨፈረም። ማንም ሳያዝዘን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ደሞዝ ቀና ብሎ፣ የጫማ ማሰሪያውን ሳይነካ፣ «ጎሉ በእኔ ነው» አለ። አማኑኤል «በእኔ ነው» አለ። ፍቅረ ማርያም «በእኔ ነው፤ ከበሮውን ከሁላችሁ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ።

«ዝም በሉ» አሉ የኔታ። ቆመው ነበር። «ሰው በከበሮ እንዲራመድ ያስለመድሁ እኔ ነኝ። ሜዳው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር መሆኑን ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። በእኔ ነው።» ወደ እኔ አዩ። «ጻፍ።»

ደብተሩን አነሣሁ። ባዶ ገጽ ፍለጋ ብዬ ከፈትሁት። የጋዜጠኛ ጣት ግን ባዶ ገጽ አይፈልግም፤ ወደ መጀመሪያው ሄደ።

የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ እኛ ማን እንደሆኑ አናውቅም ነበር። ልብ የለም፣ ደቂቃ የለም። ቀንና ውጤት፣ ከሥሩ አንድ ሁለት መስመር። በካርድ ክፍል ጥቃቅን ጽሕፈት።

«5 ለ 0 ላይ ተነሥቼ ሄድሁ።»

«በረኛው ወደ ግራ ዘለለ። ጥሩ ዝላይ ነበር። ኳሱ በቀኝ ገባ።»

«4 ለ 0 ላይ ተነሣሁ። ደጅ ከደረስሁ በኋላ ተመለስሁ። 5 ሆኖ ነበር።»

«ረጅሙ አጥቂ አገባ። ከጨዋታ ውጪ ነበር፣ ዳኛው አላየም። ዝም አልሁ።»

«ዝናብ። አልመጡም። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ።»

ገጽ በገጽ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ። ሚስቶቻችን እንኳ ሊያዩን መጥተው አያውቁም። ውጤታችንን እኛ ራሳችን ረስተነዋል።

«አገኘኸው?» አሉ የኔታ።

«አገኘሁ» አልሁ።

ባዶው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፍሁ። ውጤቱን ጻፍሁ። ስማቸውን ልጽፍ እስክሪብቶውን አስጠጋሁና ዙሩ ትዝ አለኝ። የሌላ ሰው ስም አይጠራም። ደግሞም ከጎሌ ወጥቼ ነበር፤ በከበሮ ተራምጄ ነበር፤ ማንም ስላላየኝ ዝም ብዬ ነበር። «በእኔ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁበት። ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ አንድ መስመር ነው።

«ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት» አሉ። ከሥሩ አንድ ነገር ጨምረው ጽፈው ደብተሩን ዘጉ። ተገልብጦ ያለ ጽሑፍ ማንበብ የሙያዬ አንድ ክፍል ነበር። «እስከ ፊሽካ ቆየሁ» ይላል።

ወደ ሐይቁ ስንሄድ ደሞዝ ወደ ጎን ሳበኝ። «እሺ፣ አየኸው አይደል? ማን ናቸው?»

«ደጋፊ ናቸው» አልሁት።

«የማን?»

«የእኛ።»

ቆመ። «የእኛ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ።»

የሁለቱን ዓመታት ውጤት በልቡ ሲደምር አየሁት። «ጤነኛ ናቸው?» አለ።

ማክሰኞ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሜዳው ላይ ነበርሁ። ከዋንዛው ሥር ሁለት የሰባታሚት ልጆች ታኬታቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ምን ፈልጋችሁ ነው አልኋቸው። «ዝም ብለን ነው፣ ጋሼ» አሉ። «ማን እንደሚመጣ ልናይ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የኔታ አልደረሱም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጥቁሯን ማስታወሻዬን አወጣሁ። አራት ደቂቃ ዘገዩ፤ ጻፍሁት። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ይህንንም ጻፍሁት።